ካውያውን ያዘች፣ ምጣዱን አሳለፈች፦ ብልጭታ ሰሚዋ ብሬከር ከስምንት ወር በኋላ

ባለፈው ጳጉሜን የእህቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ሲመጣ፣ ከሻንጣው ውስጥ ከቸኮላቱና ከእናቱ መድኃኒት መሐል አንዲት ነጭ ብሬከር አውጥቶ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ይቺ ብልጭታ ትሰማለች» አለኝ። የኤሌክትሪክ መስመር ስዘረጋ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ብሬከር ሲወርድ እንጂ ሲሰማ አላውቅም። ስቄ ተቀበልኩት። ዛሬ ግንቦት ላይ ሆኜ ይህን ስጽፍ ሳቁ በከፊል አልቋል፤ በከፊል ደግሞ አለ።

መልኳ የተራ ብሬከር ነው። ሁለት ሞጁል፣ ማለትም 36 ሚሊሜትር ያህል ቦታ ትይዛለች። ፊቷ ላይ 20 አምፔር፣ ዓይነት ሲ፣ 30 ሚሊአምፔር የሚል ተጽፏል (የመጨረሻው ወደ መሬት የሚፈስ ኤሌክትሪክንም እንደምትጠብቅ ይናገራል)፤ አንዲት የመሞከሪያ ቁልፍና አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል መብራትም አለቻት። ጎኗ ላይ 62606 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ይህ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ለዚህ ዓይነት ዕቃ፣ በእንግሊዝኛ AFDD ለሚባለው፣ ያወጣው ደረጃ ነው። የአምራቹን ስም አልጽፍም፤ አንዲት ናሙና ብቻ ይዤ የማንንም ስም ማንሣትም ማጥፋትም አልወድም። የተገዛችበትን ደረሰኝ አይቻለሁ፦ ከ100 ዩሮ በላይ። በዚያ ገንዘብ የአንድ መካከለኛ ቤት ማከፋፈያ ሳጥን በተራ ብሬከር ሞልቼ ለረዳቴ የምሳ እከፍልበታለሁ።

ደንበኞቼ ዘወትር «ብሬከር አለኝ፣ ምን ያሰጋኛል?» ይሉኛል። በሱቄ የሥራ ጠረጴዛ ላይ የሞከርኩትን ልንገራችሁ፤ እናንተ ግን ቤታችሁ እንዳትሞክሩት። ከተጣለ የውሃ ማፍያ ገመድ ውስጥ አንደኛውን ሽቦ በጥሼ፣ ጫፎቹ ለመነካካት የፀጉር ያህል እንዲቀራቸው አድርጌ፣ መሐላቸውን በከሰለ ፕላስቲክ ለበጥኩት። 2,000 ዋት የሚስብ የውሃ ማፍያ ሰካሁበት። መጀመሪያ ያሳለፍኩት በተራ 20 አምፔር ብሬከር ነው። ገመዱ ቅቤ ሲነጠር የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ሰማያዊ ነጥብ ታየ፤ ነጥቡ ቢጫ ሆነ፤ ፕላስቲኩ ጠቁሮ ተሸበሸበ፤ ጭሱ ወጣ። ውሃው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሞቃል! ረዳቴ ብሬከሩን በጣቱ እያሳየ «ጋሼ፣ አልወረደም እኮ» ይለኛል።

ለምን ይወርዳል? በሽቦው የሚያልፈው 9 አምፔር ነው፤ ብሬከሩ ደግሞ 20 ተሸከም ተብሎ የተሠራ ነው። ዓይነት ሲ ብሬከር በቅጽበት የሚወርደው ከተጻፈበት ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሲያልፍበት ነው፤ ለዚህኛው ከ100 እስከ 200 አምፔር መሆኑ ነው። በተበጠሰ ሽቦ መሐል የተቀመጠ ብልጭታ ደግሞ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። ሰው የሚያድነው የመሬት ፍሳሽ ጠባቂም ቢሆን አንዳች አያይም፤ በፌዝ፣ በመሄጃው ሽቦ፣ የሄደው ሁሉ በኒውትራል፣ በመመለሻው ሽቦ፣ ተመልሶ ስለሚመጣ ሒሳቡ ልክ ነው። ብሬከሩ የሚነቃው ፕላስቲኩ ተቃጥሎ ሽቦ ከሽቦ ሲገናኝ፣ ፍሳሽ ጠባቂው ደግሞ ሽቦው ከመሬት ሲገናኝ ነው። ከዚያ በማግስቱ «እሳቱ የተነሣው በኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው» ይባላል። ኮንታክቱ ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጭሱን አውጥተን፣ በአዲስ ገመድ ያንኑ አዘጋጅተን፣ የጀርመኗን አስገባናት። ጥዝ፤ ጠቅ። ረዳቴ ሊቀርጽ ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ አለቀ። ደረጃው በ230 ቮልት መስመር ላይ ብልጭታው 10 አምፔር የሚያሳልፍ ከሆነ 0.25 ሰከንድ፣ 2.5 አምፔር ከሆነ 1 ሰከንድ ይፈቅድላታል። አምስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ አምስቱንም ያዘች። ገመዱ ላይ የቀረው ጥቁር ነጥብ ከምስር ፍሬ አይበልጥም ነበር። ያን ቀን ማታ ለእህቴ ልጅ ደውዬ ይቅርታ መሰል ነገር ተናገርኩ።

እንዴት ታውቃለች ለሚለኝ ሰው ሬዲዮን አስታውሰዋለሁ። ድሮ የማታ ዜና ስንሰማ ጎረቤት የሚበይድ ካለ ሬዲዮው እንዴት ይንጫጫ እንደነበር የማያስታውስ የእኔ ዕድሜ ሰው የለም። ብልጭታ እንዲያ ነው፤ በሽቦው ላይ ጫጫታ ይረጫል። የእኛ መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ብልጭታው ዜሮ ላይ ይጠፋና ቮልቴጁ ሲያንሰራራ እንደገና ይለኮሳል። በመጥፋቱና በመለኮሱ መሐል በኤሌክትሪኩ ማዕበል ላይ እንደ ትንሽ ደረጃ ያለ ጠፍጣፋ ቦታ ይቀራል። በብሬከሯ ሆድ ውስጥ ያለው አነስተኛ ኮምፒውተር ሁለቱን፣ ጫጫታውንና ጠፍጣፋውን ቦታ፣ አብሮ ያዳምጣል። አንድ ጊዜ ቢሰማ ዝም ይላል፤ ስፒና ስንነቅልም ብልጭ ይላልና። ሲደጋገም ግን አይታገሥም።

ስለ ገጠማው ማንም አላስጠነቀቀኝም። ቤታችን በአባቴ ጊዜ የተሠራ የጭቃ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። መስመሩን የዘረጋው ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማር፣ የሳሎኑንና የመኝታ ቤቱን ኒውትራል በአንድ ሞርሴቶ (የሽቦ ማያያዣ) አስሮ፣ ኮርኒስ ላይ ደብቆ ሄዷል። እንደዚች ያለ ብሬከር የሚጠብቀው መስመር የራሱ ፌዝና የራሱ ኒውትራል ይፈልጋል። የሌላ መስመር ኒውትራል ከተቀላቀለባት የሄደውና የተመለሰው አልገጠመልኝም ብላ ወዲያው ትወርዳለች። ስለዚህ የእሷ ገጠማ ሃያ ደቂቃ፣ የኒውትራል ፍለጋው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወሰደ። በአሮጌ ቤት ይህን ሥራ የምታሠሩ ከሆነ ባለሙያው የሚጠይቃችሁ የቀን ሙሉ ዋጋ ትክክል ነው፤ አትከራከሩት። ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ነገር፦ መስመሩን በ500 ቮልት ሜገር ከመፈተሻችሁ በፊት ንቀሏት፤ ውስጧ ኤሌክትሮኒክስ ነው።

መኝታ ቤቶቹ ላይ ተገጥማ ወር ከምናምን ዝም ብላ ተቀመጠች። በጥቅምት አጋማሽ አንድ እሑድ ማታ ልጄ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ስትተኩስ ወረደች። መለስኳት። ትንሽ ቆይታ ደግማ ወረደች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወርድ ባለቤቴ ከወጥ ቤት «አንተ ሰውዬ፣ በደህናው ብሬከር ምን አድርገን ነበር?» አለችኝ። እኔም በልቤ ያው የተፈራው መጣ፣ በሰላሙም የምትወርድ ነገረኛ ናት ብዬ ነበር። ግን መብራቷ የምታሳየው ቀለም፣ መመሪያው ላይ እንዳለው፣ የተከታታይ ብልጭታ ነው።

ካውያውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ገመዱ ወደ እጀታው የሚገባበትን የጎማ አንገት በቢላ ሰነጠቅሁት። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ውስጡ ግን ከሽቦው ክሮች የቀሩት አራት ወይም አምስት ነበሩ፤ የቀሩት ተበጣጥሰው ጫፋቸው ጠቁሮ ዱቄት ሆኗል። ጎማው ከውስጥ በኩል የከሰል ቀለም ይዞ ነበር። ልጄ ስትተኩስ ካውያው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እነዚያ ክሮች ይለያዩና ይነካካሉ። ያ ካውያ በተራው ብሬከር ላይ ስንት ወር እንደሠራ አላውቅም፤ የሚተኮስበት ቦታ ግን የአልጋው ጫፍ መሆኑን አውቃለሁ። ገመዱን ከካውያው አካል ላይ ጠምጥማችሁ የምታስቀምጡ ሁሉ ነገ ጠዋት አንገቱን ጎንበስ አድርጋችሁ እዩት።

በከንቱ የወረደችባቸው ቀናት የሉም አልልም። አሮጌው መሰርሰሪያዬ፣ ከሰሎቹ ያለቁበት፣ ሁለት ጊዜ አወረዳት። አዲሱ መሰርሰሪያ ግን አንድም ቀን አላስቆጣትም፤ የመጥረጊያ ማሽንም፣ የመብራት ማደብዘዣም ያው። ደረጃው እነዚህን እንድትለይ ይፈትናታል። የአሮጌውን ከሰል ስለውጥለት እሱም ጸጥ አለ፤ ስለዚህ ጥፋቱን ለሁለቱ እኩል አካፍያለሁ።

አሁን ወደ ምጣዱ። ታኅሣሥ ላይ የካውያው ነገር ልቤን ስላሞቀው ብሬከሯን ከመኝታ ቤት ነቅዬ ወደ ምጣዱ መስመር አዛወርኳት። የእኛ ምጣድ 3,500 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። በቤታችን እንደ እሱ መስመር የሚያስጨንቅ ዕቃ የለም፤ በሙያዬም አንድ ቀን የተቃጠለ የምጣድ ሶኬት ሳልቀይር የዋልኩበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። እዚህ ካልረዳችኝ የት ልትረዳኝ ነው አልኩ።

ለጥምቀት ዋዜማ ባለቤቴ ስትጋግር፣ ዘጠነኛውን እንጀራ አውጥታ አሰሳውን እያነሣች «ዓሣ ዓሣ ይሸታል» አለች። የሙያው ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል፤ ፕላስቲክ ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚያመጣው ነው። ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩ። ስፒናው በእጅ የሚያዝ አልነበረም። በጨርቅ ይዤ ስነቅለው አንደኛው እግር ሐምራዊና ጥቁር ሆኗል፤ የሶኬቱ ቀዳዳ እንደ ሻማ ቀልጦ ወደ ጎን ተጋድሟል። ከማውረዴ በፊት ያየኋት የብሬከሯ መብራት ደግሞ አረንጓዴ ነበር፤ ደህና ነኝ ትላለች። ባለቤቴ አክንባሎውን እንደያዘች «የጀርመኗ ተኝታለች እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ሌሊቱን አስቤበት ነው፤ መመሪያውንም ሳነበው በአንድ መስመር ብልጭታ ብቻ ነው የምትለየው ብሎ አልፎታል። ያ ሶኬት ውስጥ ብልጭታ አልነበረም። የላላ ምላስ ነበር። ብረት ከብረት ተነካክቷል፣ ግን በጠባብ ነጥብ፣ በዝገትና በዘይት መሐል። ኤሌክትሪኩ አልተቆራረጠም፤ ማዕበሉ እንደ ንጹሕ ማዕበል ይሄዳል፤ ጫጫታ የለም። ያለው ሙቀት ብቻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በዚያች ነጥብ ላይ 3 ቮልት ብቻ ቢጠፋ፣ በ16 አምፔር ሲባዛ 48 ዋት ይሆናል። ሬዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ የሚያቀልጡበት ብረት በዚህ ገደማ ኃይል ነው የሚሠራው። እንግዲህ እሱን ለኩሳችሁ፣ ሶኬት ውስጥ ወሽቃችሁ፣ ለሁለት ሰዓት ተዉት። ብሬከሯ የምትነቃው ነገሩ ተበላሽቶ ተበላሽቶ እውነተኛ ብልጭታ ሲጀምር ነው። ጆሮ አላት፤ ቆዳ የላትም።

ስለዚህ የምጣዱን ችግር የፈታችው እሷ አይደለችም። ስፒናውን ቆርጬ ጣልኩ፤ 4 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ከራሱ ብሬከር ቀጥታ አመጣሁ፤ ምጣዱ አጠገብ ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ማጥፊያ አስቀመጥኩ፤ ገመዱን በሴራሚክ ሞርሴቶ አሰርኩ። ወጪው ከእሷ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ለእንጀራ ጋጋሪ እናቶች የምለው ይኸው ነው፤ ምጣድና ሶኬት አታጋቡ።

እሷን ወደ መኝታ ቤት መለስኳት፤ እዚያም በመጋቢት ያልጠበቅሁትን ውለታ ሠራች። በሰፈራችን ምሰሶ ላይ ኒውትራል ላልቶ አንድ ምሽት አምፖሎች ከልክ በላይ ፈኩ። መለኪያዬን ስሰካ 291 ቮልት አነበብኩ። ሳሎን ሁለት አምፖልና የቴሌቪዥኑ መቀበያ ተቃጠለ። የመኝታ ቤቱ መስመር ግን ጨለማ ነበር፤ እሷ ቀድማ ወርዳለች። መመሪያው ቮልቴጅ ከ275 ሲያልፍ እንደምታወርድ ይናገራል። ለጀርመን ቤት ይህ ትርፍ ነገር ይሆናል፤ ለእኔ ግን ስለ ዕቃዋ ከተጻፈው ሁሉ በጉልህ መጻፍ የነበረበት እሱ ነበር።

የእህቴ ልጅ በስልክ ሲያወራኝ «እዚህ እኮ ሕግ ነው» ይላል። ነገሩ እንደሚለው አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1999 ደንባቸው ለመኝታ ክፍል ሶኬቶች አዝዘው፣ ትእዛዙ ከ2002 ጀምሮ ጸንቶ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች እያሰፉት መጥተዋል። ጀርመኖች በ2016 ለሕፃናት ማቆያ መኝታዎችና ለእንጨት ቤቶች ካሉት በኋላ፣ በ2019 ወደ ስጋት ግምገማና ወደ ምክር መለሱት። እንግሊዞች በ2022 ከፍ ላሉ የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ ለተማሪዎች መኖሪያና ለአረጋውያን ማቆያ ሶኬቶች አስገድደዋል። ከእኛ ብዙ የሚቀድሙትም ዋጋዋን አይተው ማመንታታቸው ትንሽ አጽናንቶኛል።

በዚሁ ስልክ ላይ ስለ አዲሱ የዲጂታል ኃይል ማከፋፈያም ነገረኝ። በአሜሪካ የ2023ቱ ደንብ ክፍል 4 (Class 4) ብሎ የፈቀደው ነው። እስከ 450 ቮልት የሚደርስ ኃይል በቀጭን ገመድ ይላካል፤ በአንዱ አሠራር ላኪው ማሽን ኃይሉን በጥቃቅን ቁራጭ ይልክና በየቁራጩ መሐል ቆም ብሎ መስመሩን ይፈትሻል፤ ሰው ከነካው የሚቀጥለውን ቁራጭ አይልክም። ሐሳቡ ደስ ይላል። እኔ ግን ወዲያው የጠየቅሁት ስለ ላላ ብሎን ነው። በሰው አካል የሚያልፍ ኤሌክትሪክ በዚያ ፋታ ውስጥ ይታወቃል፤ በመስመሩ ላይ በተከታታይ የተቀመጠ ብልጭታ ግን ጭነቱ ትንሽ የቀነሰ ሊመስል ይችላል። ያው የእኔ ካውያ ሽቦ ነው፤ የገባበት ቤት ብቻ ተለወጠ።

ፀሐይ ኃይል ላላችሁም አንድ ቃል፦ ከፓነሉ እስከ መለወጫው ያለው መስመር ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ዜሮ ስለማይነካ ብልጭታ አንዴ ከተለኮሰ በራሱ አይጠፋም። ይቺ ብሬከር እዚያ አትገባም። ለዚያ የራሱ ጠባቂ ያለውን መለወጫ ጠይቁ።

መግዛት ለሚፈልግ ሰው መርካቶ ሦስት ሱቅ ዞሬላችኋለሁ። በሁለቱ «ይኸው አለ» ተብሎ የመሬት ፍሳሽ ጠባቂ ተሰጠኝ፤ እሱ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው። በሦስተኛው ሻጩ በቅንነት «አባቴ፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ጎኗ ላይ 62606 መኖሩን፣ ለ230 ቮልትና ለ50 ኸርዝ መሠራቷን እዩ። የአሜሪካው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ስለሆነ ዘመድ ከዋሽንግተን ቢያመጣላችሁ እንኳ ለጌጥ ነው።

ከአምስት ኮከብ አሳንሼ ሦስት ተኩል እሰጣታለሁ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም እንጨት ለሆነ ቤት፣ ልጆች ማሞቂያ ለኩሰው ለሚተኙበት ክፍል፣ እንግዳ ምን ዕቃ እንደሚሰካ ለማይታወቅበት ማረፊያ፣ አቅሙ ካለ አስገቧት። ሳጥናችሁ ውስጥ የላላ ብሎን፣ መሬት ሽቦ የሌለው መስመር፣ አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር በእጅ የተጠማዘዘበት ማያያዣ ካለ ግን ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ላይ አውሉት።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ነሐሴ ላይ እንደሚመጣ ነገረኝ። «ጋሼ፣ ለምጣዱም አንድ ልጨምርልህ?» አለኝ። አይ፣ እሱን ተወው አልኩት። እዚያች ብሬከር ጎን ላይ ብሎኖቿ በስንት ኒውተን ሜትር መጥበቅ እንዳለባቸው ተጽፏል፤ ልኩን የሚያሳይ ካቻቪቴ አምጣልኝ፤ ሁለት ካገኘህ ሁለት፣ አንዱ ለረዳቴ ነው።